ስለ ትጋት፤ ለሁሉ ስለ ታዘዘው የአደራ ጥበቃ ታሪክና ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። አሜን።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የሚሰቀልበት ቀን በቀረበ ጊዜ በደብረ ዘይት ተቀምጦ ሳለ አራት ደቀ መዛሙርት ለብቻቸው ቀርበው ስለ ቤተ መቅደስ መፍረስ ጠየቁት። እነዚህም ጴጥሮስ፣ ያዕቆብ፣ ዮሐንስና እንድርያስ እንደ ነበሩ ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 13 ይናገራል። ጌታም ምልክቱን ሁሉ ከነገራቸው በኋላ ነገሩን በምሳሌ ፈጸመው። አንድ ሰው ቤቱን ትቶ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ ለአገልጋዮቹ ሥልጣን ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱም ሥራውን ያካፍላል፤ በረኛውን ግን እንዲተጋ ያዝዘዋል። ከዚህም በኋላ ለአራቱ የተናገረው ለሁሉ የተነገረ መሆኑን ገልጦ ትምህርቱን በዚያው ዘጋ።

ይህ የመጨረሻው ቃል ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ነው። ትጋት ሲባል የሰው ልብ ወዲያው ወደ ገዳም ይሄዳልና። ባለጠጋው ሌሊቱን መነኵሴ ይጠብቅልኛል ይላል፤ ካህኑም ማሕሌት ቆሜ አድሬያለሁና ተግቻለሁ ይላል። ሁለቱም ለሁሉ የሚለውን ቃል ልብ አላሉትም። ስለዚህ ትጋት ከጌታ ቃል ተነሥቶ በሐዋርያት ዘመን፣ በስደት ዘመን፣ በገዳምና በከተማ፣ ኋላም በኢትዮጵያ እንዴት እንደ ተጠበቀ መመርመር ይገባል። ታሪኩ ሁሉ የሚመሰክረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ትጋት የተቀበሉትን አደራ መጠበቅ መሆኑ፣ ያንንም አደራ ማንም ለማንም አሳልፎ መስጠት የማይቻለው መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው የዘመን ቍጥር ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ክፍል 1። ስለ አራቱ የሌሊት ክፍሎች

በምሳሌው የቤቱ ጌታ የሚመጣበት ጊዜ በአራት ተቈጥሯል፤ ማታ፣ እኩለ ሌሊት፣ ዶሮ ሲጮኽና ማለዳ። የጥንት ዕብራውያን ግን ሌሊቱን የሚከፍሉት በሦስት ነበረ፤ ጌዴዎን ወደ ምድያም ሰፈር የቀረበው በመካከለኛው ጥበቃ መጀመሪያ እንደ ሆነ መጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 7 ይናገራልና። በጌታ ዘመን አገሩ በሮማውያን እጅ ስለ ነበረ የወታደሩ ልማድ በሕዝቡ ዘንድ ታውቆ ነበር። ሮማውያንም ሌሊቱን በአራት ከፍለው ዘበኛ በየተራ ያቆሙ ነበር። ሄሮድስ ጴጥሮስን ባሰረው ጊዜ አራት አራት ሆነው ለሚጠብቁ ለአራት ክፍል ጭፍራ አሳልፎ የሰጠው በዚህ ልማድ ነው፤ ድምሩም 16 ወታደር ነው።

ታሪክ። የዚህን ጥበቃ ሥርዐት ፖሊብዮስ የተባለ ግሪካዊ የታሪክ ጸሓፊ ከጌታ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ጽፎታል። ለየዘበኛው ምልክት ያለባት ታናሽ የእንጨት ሰሌዳ ትሰጥ ነበር። ሌሊት የሚዞረው ፈረሰኛ ነቅቶ ያገኘውን ዘበኛ ሰሌዳውን ይቀበለዋል፤ ተኝቶ ያገኘውን እንደ ሆነ ግን አብረውት ያሉትን ምስክር አድርጎ ዝም ብሎት ያልፋል። ሲነጋ ሰሌዳዎቹ በአለቃው ፊት ይቈጠራሉ፤ አንዲት የጐደለች እንደ ሆነ የማን ተራ እንደ ነበረች በምልክቷ ትታወቃለች፤ በእንቅልፍ የተያዘውም ዘበኛ በዱላና በድንጋይ ተደብድቦ ይሞታል። ልብ ያለው ይህን ልብ ያድርግ። የተኛውን ዘበኛ ማንም አልቀሰቀሰውም፤ ሌሊቱ በሰላም ያለፈለት መስሎታል፤ ነገሩ የታወቀው ሲነጋ በቍጥር ነው። በኅሊናው የተኛ ሰውም ቀኑ በሰላም ያለፈለት ይመስለዋል።

ሐተታ። ማርቆስ አራቱን ሰዓት የቈጠረው በከንቱ አይደለም። ምሳሌው በተነገረ በጥቂት ቀን ውስጥ አራቱም ሰዓቶች በደቀ መዛሙርቱ ላይ መጥተዋልና። በመሸ ጊዜ ጌታ ከ12ቱ ጋራ በማዕድ ተቀመጠ፤ አንዱም ሊሸጠው ተስማምቶ ነበር። በሌሊት በጌቴሴማኒ ሲጸልይ ሦስት ጊዜ መጥቶ ተኝተው አገኛቸው። ዶሮ ሲጮኽ ጴጥሮስ ካደው። በማለዳም ለጲላጦስ ተላልፎ ሲሰጥ ከጐኑ የቆመ ሐዋርያ አንድ ስንኳ አልተጻፈም። የቤቱ ጌታ በአራቱም ሰዓት መጣ፤ በአንዱም ሰዓት የነቃ በረኛ አላገኘም። ማታ የተፈተኑት በገንዘብ ነው፤ እኩለ ሌሊት በሥጋ ድካም፤ ዶሮ ሲጮኽ በፍርሃት፤ ማለዳ በመሸሽ። ፈተናው እንደ ሰዓቱ የተለያየ ነውና በአንዱ ሰዓት የነቃ በሌላው እንዳይተኛ ይጠንቀቅ። አንድም፤ አራቱ ሰዓት የሰው ዕድሜ ነው፤ ሕፃንነት፣ ጐልማሳነት፣ ሽምግልናና ሞት።

ክፍል 2። ስለ ጴጥሮስ ሁለት እንቅልፍና ስለ ማርቆስ እናት ቤት

ጴጥሮስ ሁለት ጊዜ እንደ ተኛ ተጽፏል። በመጀመሪያ በጌቴሴማኒ ተኝቶ በጌታ ተገሠጸ። ሁለተኛም በሄሮድስ ወኅኒ ቤት በሁለት ሰንሰለት ታስሮ በሁለት ወታደሮች መካከል ተኛ፤ ነገር ግን በዚህ አልተነቀፈም፤ መልአክ ጐኑን መትቶ አስነሣው እንጂ። ወታደሮቹ በደጁ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ነገር ግን በእጃቸው የነበረው እስረኛ አመለጣቸው። ጴጥሮስ ተኝቶ ሳለ ትጉህ የተባለው፣ ወታደሮቹም ቆመው ሳሉ ያልጠቀማቸው ስለ ምን ነው ቢሉ፤ በጌቴሴማኒ የተኛው የተሰጠውን አደራ ትቶ ነበር፤ በወኅኒ ቤት የተኛው ግን አደራውን ፈጽሞ ነፍሱን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ ነው። የትጋት ሚዛን የዐይን ሽፋን እንዳይደለ ከዚህ ይታወቃል።

በዚያች ሌሊት የተጋው ማን ነው ቢሉ ቤተ ክርስቲያን ናት። ተሰብስባም የተገኘችው በማርያም ቤት እንደ ነበረ የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 12 ይናገራል፤ ማርያምም የተባለችው ማርቆስ የተባለው የዮሐንስ እናት ናት። ቤቷ የሰው መኖሪያ ነው፤ ደጅ አለው፤ ሮዴ የምትባል ገረድም ነበረችበት። ደጁ ሲመታ ሰምታ የጴጥሮስን ድምፅ የለየችው፣ እብድ ነሽ ሲሏትም ያልተመለሰችው ይህች ገረድ ናት። ትጋትን በምሳሌ የጻፈልን ወንጌላዊ የእናቱ ቤት ሌሊቱን የተጋ ቤት ነበረ። በረኛውም የቤቱ ታናሽ አገልጋይ ሆነ።

ክፍል 3። ስለ መጀመሪያዎቹ የክርስቲያን ቤቶች

ጴጥሮስ ኋላ ጠላት ዲያብሎስ እንደሚያገሣ አንበሳ ይዞራልና ንቁ ብሎ የጻፈባት መልእክት በታናሹ እስያ ላሉ አገሮች የተላከች ናት፤ ከእነርሱም ቀጰዶቅያና ቢታንያ ይገኛሉ። በጌቴሴማኒ የተኛው ሰው የትጋት መምህር ሆነ። ቃሉም በከንቱ አልወደቀም። ወደ 112 ዓመት ገደማ የቢታንያ ገዥ ፕሊንዮስ ክርስቲያኖችን ይዞ ከመረመረ በኋላ ለቄሣሩ ለትራያኖስ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤውም እነዚህ ሰዎች በተወሰነ ቀን ሳይነጋ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ፤ በመሐላም የሚታሰሩት ለክፉ ሥራ ሳይሆን እንዳይሰርቁ፣ እንዳይቀሙ፣ እንዳያመነዝሩ፣ ቃላቸውን እንዳያጥፉና የተቀመጠባቸውን አደራ እንዳይክዱ ነው አለ። የአረማዊ ዳኛ ምስክርነት ይህ ነው። ሳይነጋ መነሣትና አደራን አለመካድ በአንድ ስብሰባ ተጣምረው ተገኙ።

ትምህርተ ሐዋርያት የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ፣ በ1873 በቍስጥንጥንያ በአንድ የብራና ጥራዝ የተገኘው፣ ምእመናን በቀን ሦስት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያትን እንዲጸልዩ ያዝዛል። በ200 ዓመት ገደማ በቅርጣግና የነበረው ጠርጡልያኖስ አረማዊ ባል ያገባች ክርስቲያን ሴት ሌሊት ለጸሎት ስትነሣ ከባልዋ እንዴት ትሰወራለች ብሎ ይጨነቃል። ከዚህ የምንረዳው ባልና ቤት ያላቸው ሴቶች ሌሊት መነሣትን እንደ ተራ ልማድ ይዘውት እንደ ነበረ ነው።

ለሮሙ ለአቡሊዲስ ይሰጥ የነበረው፣ በ3ኛው መቶ ዓመት የሚቈጠረው የሐዋርያት ሥርዐት ደግሞ ሰዓቱን ለይቶ ይወስናል። ሰው ሲነቃ ሥራ ሳይጀምር ይጸልይ፤ በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓት፣ በ9 ሰዓት፣ ሳይተኛና በእኩለ ሌሊትም ይጸልይ ይላል። ሰዓቱ በቤቱ ሳለ ያገኘው ቃሉን አሰምቶ ይጸልይ፤ በሌላ ስፍራ ያገኘው ግን በልቡ ይጸልይ ብሎ ይጨምራል። ይህ ለመነኵሴ አልተጻፈም፤ ያን ጊዜ ገና ገዳም አልነበረምና። ለገበያ ሰው፣ ለእጅ ሠሪ፣ ለባለ ትዳር ተጻፈ። የጌታ ምሥጢረ መስቀልም በሰዓቶቹ ላይ ተቀመጠ፤ በ3 ሰዓት መቸንከሩ፣ በ6 ሰዓት የፀሐይ መጨለም፣ በ9 ሰዓት የጐኑ መወጋት ይታሰብ ተብሎ። ሥራ የያዘ ሰው ሰዓቱ በተለወጠ ቍጥር የተሰቀለውን ያስብ ዘንድ ነው።

ክፍል 4። ስለ ገዳም

በ313 ስደት ከቆመ በኋላ ክርስቲያን መሆን የሚያስፈራ መሆኑ ቀርቶ የሚያስከብር ሆነ። ጠላት ከውጭ ሲጠፋ በውስጥ ያለው እንቅልፍ በረታ። የገዳም መብዛትም በዚህ ዘመን ነው።

ታላቁ እንጦንስ በ251 ገደማ ተወልዶ በ356 ዐረፈ። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድሉ እንደሚነገረው፣ እንጦንስ ወንድሞቹን ሲያስተምር እያንዳንዱ የሥራውንና የአሳቡን እንቅስቃሴ ለሌላ እንደሚናገር ሆኖ በጽሕፈት ይያዘው አለ። ሰው በሰው ፊት እንደማያመነዝር ሁሉ፣ አሳቡ ተጽፎ ይታያል ብሎ ያፈረ ሰው ክፉ አሳብን አይቀበልም ማለቱ ነው። ጽሕፈቱ እንደዚያች የዘበኛ ሰሌዳ ነው።

ዳሩ ግን የአበው ዜና በሚነገርበት መጽሐፍ ስለ እንጦንስ ሌላ ነገር ደግሞ ተጽፏል። በክብር የሚተካከልህ ሰው በከተማ አለ፤ እርሱም ባለ መድኃኒት ነው፤ ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድኆች ይሰጣል፤ ቀኑን ሁሉ ከመላእክት ጋራ ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ ይላል ተብሎ ተገለጠለት። መነኮሳት ይህን ታሪክ ደብቀው ማስቀረት ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ራሳቸው ጽፈው አቈዩት። ትጋት የገዳም ርስት ብቻ እንዳይደለች ቀድሞ የመሰከረ ገዳም ነው።

አባ አርሳንዮስ የንጉሥ ቴዎዶስዮስ ልጆች የአርቃድዮስና የአኖርዮስ መምህር ነበረ። ቤተ መንግሥትን ትቶ ወደ ገዳመ አስቄጥስ ወረደ። ቅዳሜ ማታ ፀሐይን በስተ ኋላው ትቶ እጁን ዘርግቶ ይቆማል፤ እሑድ ጧት ፀሐይ በፊቱ እስክትወጣ ድረስም አይቀመጥም ነበር። ይህ ትልቅ ትጋት ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን አንድ የግብጽ ባላገር ሽማግሌን ስለ አሳቡ መጠየቁ ነው። የሮምና የግሪክ ትምህርት የተማርህ አንተ ይህን ባላገር ትጠይቃለህን ቢሉት፣ የእነዚያን ትምህርት ዐውቃለሁ፤ የዚህን ሰው ፊደል ግን ገና አልቈጠርሁም ብሎ መለሰ። ለሊቃውንት ከሌሊት መቆም ይልቅ የሚከብደው ትጋት ይህ ነው።

በግብጽ በረሓ በ399 የሞተው ኤዋግርዮስ በሰው ልብ ደጅ የሚቆሙትን ክፉ አሳቦች በስምንት ቈጠራቸው፤ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ኀዘን፣ ቍጣ፣ ሐኬት፣ ውዳሴ ከንቱና ትዕቢት። ስለ ሐኬት ሲናገር ከ4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት በቀን ይመጣል፤ ፀሐይዋን የቆመች፣ ቀኑንም የ50 ሰዓት ያህል ያስመስለዋል ይላል። ከስምንቱ አሳቦች እጅግ የከበደውን በሌሊት ጨለማ ሳይሆን በቀትር አገኘው። የሌሊቱን ዘበኛ በሥራ መካከል የሚተካው ማን ነው ብሎ ሁሉም ራሱን ይጠይቅ።

ክፍል 5። ስለ ከተማ

ቅዱስ ባስልዮስ በ370 በቀጰዶቅያ የቂሳርያ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ፤ ይህችም የጴጥሮስ መልእክት ከደረሰባቸው አገሮች አንዲቱ ናት። እርሱም በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 ቍጥር 9 ለራስህ ተጠንቀቅ የሚለውን ትእዛዝ መሠረት አድርጎ ለሕዝቡ አስተማረ። አዳኝን፣ መንገደኛን፣ ግንበኛን፣ ገበሬን፣ እረኛንና የጦር አለቃን እየጠራ ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው ትጋቱን አሳየው። ገበሬ የልቡን እርሻ እንዲያርም፣ ግንበኛ መሠረቱን እንዲመረምር፣ እረኛም ከተሰጡት አንዱ እንዳይጠፋበት እንዲጠብቅ። በዘርና በሀብት ለሚመካው ደግሞ መቃብር ውስጥ ተመልክቶ ጌታውን ከባሪያው፣ ባለጠጋውን ከድኃው መለየት ይችል እንደ ሆነ ጠየቀው።

ይህ የኦሪት ትእዛዝ በምን ነገር ላይ እንደ ተነገረ ማስተዋል ይገባል። የዕዳ ምሕረት የሚደረግበት 7ኛው ዓመት በቀረበ ጊዜ ባለጠጋው ለድኃ ወንድሙ ያበደረው እንዳይቀርበት ፈርቶ በልቡ እጁን ይሰበስባል። ይህን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሕግ አፍርሶ አልተገኘም፤ አሳቡ ግን በልቡ ተሰውሯል። ኦሪት ለራስህ ተጠንቀቅ ያለችው በዚህች በተሰወረች አሳብ ላይ ነው። ድኃውም ወደ እግዚአብሔር ቢጮኽ ኀጢአት ይሆንብሃል ትላለች። እንግዲህ ለኅሊና ጥበቃ መሠረት የሆነው ቃል በመጀመሪያ የተነገረው በአበዳሪ ደጅ ነው።

ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ398 የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ሆነ። የሐዋርያትን ሥራ ሲተረጕም ባለ ትዳሮች ሌሊት ከሚስቶቻቸው ጋራ ተነሥተው እንዲጸልዩ፣ ሕፃናትንም አንድ ወይም ሁለት ጸሎት ያህል አንቅተው መልሰው እንዲያስተኙ፣ ቤታቸውም ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን መከረ። ጳላድዮስ እንደ ጻፈው፣ በቀን ሥራ የሚበዛባቸው ወንዶች ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲመጡ ባዘዘ ጊዜ ያዘኑበት ሌሊቱን ሁሉ መተኛት የለመዱ ካህናት ነበሩ። ከተነሡበት ቅሬታዎች አንዱ ይህ ሆነ፤ እርሱም በ404 ተሰዶ በ407 በስደት ዐረፈ። ምእመናን ሊተጉ ሲነሡ የከበደው ለበረኛው ነበረ።

በዚያ ወራት ደግሞ እስክንድሮስ የተባለ መነኵሴ በቍስጥንጥንያ አጠገብ የማይተኙ የተባሉ መነኮሳትን ማኅበር አቆመ። እርሱ በ430 ገደማ ዐረፈ። እነዚህ መነኮሳት በየክፍል ተከፍለው በየተራ ስለሚዘምሩ ቀንና ሌሊት ምስጋናው አይቋረጥም ነበር። የማይተኙ ቢባሉም እያንዳንዱ በተራው ይተኛል፤ የማይተኛው ማኅበሩ ነው። የአንዱ ተራ ሲደርስ ግን ወንድሙ አይተካለትም።

ክፍል 6። ስለ ኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ ይህን አደራ ከጥንት ተቀበለች። ቀድሞ የተነገረው የሐዋርያት ሥርዐት በሲኖዶስ ውስጥ በግዕዝ ተጽፎ ይገኛል፤ በትግራይ የተገኘ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍም በአክሱም ዘመን ከጽርእ እንደ ተተረጐመ አስረድቷል። በ13ኛው መቶ ዓመት ኢብን አል ዐሳል የተባለ የግብጽ ሊቅ የሰበሰበው ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 14 ስለ ጸሎት ሲደነግግ 7ቱን የጸሎት ጊዜያት ይወስናል። መጽሐፉ የካህንና የንጉሥ፣ የነጋዴና የባለ ርስት ሕግ ነው፤ የሚሸጥና የሚገዛ፣ የሚፈርድና የሚወርስ ሰው የሚተዳደርበት መጽሐፍ የሌሊት ጸሎትንም ያዝዛል። ሕጉ ሁለቱን አልለያየም፤ የሚለያየው የሰው ልማድ ነው።

በ1425 ገደማ ያረፈው አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ መጽሐፈ ሰዓታትን ደረሰ። አባቱ የቤተ መንግሥት ካህን ነበረ። እርሱ ግን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትምህርት ሳይገባው ሳለ ለማኅበሩ እህል ሲፈጭ እንደ ኖረ ገድሉ ይተርካል። ዛሬ በየደብሩ ሌሊት የሚቆመውን ሰዓታት የደረሰው ሊቅ በመጀመሪያ የተጋው በወፍጮ አጠገብ ነው።

ከአራቱ የመጻሕፍት ጉባኤያት አንዱ መጻሕፍተ መነኮሳት ነው፤ ይኸውም ፊልክስዩስ፣ ማር ይስሐቅና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዓመት የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሾመ፤ ከአምስት ወር በኋላ ሹመቱን ተወ። የተወበትን ምክንያት ሲተርኩ፣ አበዳሪና ተበዳሪ ለፍርድ ወደ እርሱ መጡ ይላሉ። ተበዳሪው ጥቂት ጊዜ ስጠኝ ሲል አበዳሪው እንቢ አለ። ማር ይስሐቅ የወንጌልን ቃል ቢያስታውሰው፣ ወንጌልን ለጊዜው ተወው አለው። እርሱም ወንጌል ከሌለ እኔ በዚህ ምን አደርጋለሁ ብሎ ሄደ። ትጋትን በኦሪት ያስጀመረው የአበዳሪ ልብ ነበረ፤ ታላቁን የትጋት መምህር ከመንበሩ ያስነሣውም የአበዳሪ ልብ ነው።

ክፍል 7። ሐተታ

ትጉህ ማለት ምን እንደ ሆነ መጻሕፍት በሦስት ነገር ያስረዱናል።

በመጀመሪያ፤ በመጽሐፈ ሄኖክ ትጉሃን የተባሉት ይታሰቡ። የኢትዮጵያ መተርጕማን እነዚህን የሴት ልጆች ይሉአቸዋል። በቅዱሱ ተራራ ሲኖሩ ስማቸው ትጉሃን ነበረ፤ ስፍራቸውን ትተው በወረዱ ጊዜ ግን ስሙ አላዳናቸውም። ማዕርግና ቈብ፣ ጥምጥምና ካባ ሰውን ትጉህ አያሰኙትም።

ሁለተኛ፤ በማቴዎስ ምዕራፍ 25 የተነገሩት 10ሩ ደናግል ናቸው። ሙሽራው በዘገየ ጊዜ 10ሩም ተኝተዋል፤ ልባሞቹም ተኝተዋል። የለያቸው ዘይቱ ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ ዘይቱን ምጽዋት ብሎ ተርጕሞታል። ሰነፎቹ ከጓደኞቻቸው ሊበደሩ ፈለጉ፤ አልተገኘም። ጸሎት ለሌላ ሰው ይጠቅማል፤ ቅዱሳንም ያማልዳሉ፤ ነገር ግን ሰው ሊሠራው ተሰጥቶት ያልሠራውን ምሕረት በሌላ ሰው ማሰሮ አያገኘውም።

ሦስተኛ፤ በማቴዎስ ምዕራፍ 24 የተነገረው ክፉ አገልጋይ ነው። ይህ ሰው አልተኛም። ጌታዬ ይዘገያል ብሎ ባልንጀሮቹን ይመታል፤ ከሰካራሞች ጋራ ይበላል፤ ይጠጣል። ምናልባት ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያድራል። የታዘዘው ግን ለቤተ ሰቡ ምግባቸውን በጊዜው እንዲሰጥ ነበር። በወንጌል ያንቀላፋ የሚባለው በሥልጣኑ ሥር ያለውን ሰው የሚያስርብና የሚመታ ነው። የነቃ የሚባለውም ለሰው የሚገባውን በጊዜው የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ጌታ የሆነ ሰው ለገዳም ጧፍና ዕጣን ልኮ በቤቱ የአገልጋዩን ደመወዝ ቢያዘገይ፣ የላከው ጧፍ በሌላ ስፍራ ይበራል፤ የእርሱ ደጅ ግን ጨለማ ነው። ካህኑም ሌሊቱን በማሕሌት አድሮ ቀኑን በሐሜት ቢውል፣ ሰሌዳውን በጧት የሚያስረክበው ባዶ እጁን ነው።

እንግዲህ በየዕለቱ ትጋት እንዴት ይያዝ ቢሉ፤ አበው ያስተማሩት ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ግን ያስቸግራል። ሰው ሲነቃ ከማንም ጋራ ሳይነጋገር በመስቀል ምልክት ቀኑን ለእግዚአብሔር አደራ ይስጥ። በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት በሥራ ላይ ያለ በልቡ የተሰቀለውን ያስብ፤ ለዚህ አንዲት ቃል ትበቃለች። ክፉ አሳብ በልቡ ደጅ ሲቆም በረኛ እንደሚያደርገው ከማን ወገን ነህ ብሎ ይጠይቀው። ሊፈርድ የተቀመጠ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ቍጣ ወይም አድልዎ በልቡ እንዳለ ይመርምር። ያበደረ፣ የቀጠረ፣ ወይም የሰው ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው የተሰወረችውን አሳብ ይፈልጋት። ሲመሽ እንደ እንጦንስ ምክር ለሰው ሊነግረው የሚያፍርበትን ነገር ይቍጠር፤ የቈጠረውንም ለንስሐ አባቱ ይንገር። ንስሐ አባት ይሰማል፤ ያስተሠርያል፤ ያስተካክላል፤ የልጁን ዐይን ግን ሊነቃለት አይችልም።

የቤቱ ጌታ ሲሄድ ለእያንዳንዱ ሥራውን አካፍሎ ሄዷል። ለመነኵሴ በኣቱን፣ ለካህን መቅደሱን፣ ለዳኛ ፍርዱን፣ ለባለጠጋ ድኃውን፣ ለእናት ልጇን፣ ለገረዲቱም ደጁን ሰጠ። በተመለሰም ጊዜ እያንዳንዱን የሚጠይቀው በየሥራው ነው። የማርቆስ እናት ቤት ሌሊት ተከፍቶ ጴጥሮስ የገባው በሮዴ ጆሮ ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል።

ለእርሱ ለማያንቀላፋው እረኛ፣ ከአባቱና ከቅዱስ መንፈሱ ጋራ፣ ክብርና ምስጋና ለዘለዓለሙ ይሁን። አሜን።